ለኤሊዋ ያልተጻፈ ካርድ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ከሰልፍ በኋላ ዳይሬክተሯ ክንዴን ይዛ ቢሮዋ አስገባችኝ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው። መጋቢት 5፣ ዓርብ። በላከችው ሪፖርት ላይ የኔ ክፍል፣ ሁለተኛ «ሀ»፣ አርባ አንዱም ልጆች አቀላጥፈው ያነባሉ ብላ ጽፋለች። ከየት አመጣችው አልልም። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩት ዝርዝር ነው፤ አርባ አንድ ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት አንድ ቢጫ ኮከብ።

«እንዲያው ቁጭ አድርገሽ እያስነበብሽ እንዳታሰለቺው» አለችኝ። «የሚያምር ነገር አስቢ። ወላጆችም ይጠራሉ።»

አፌ ቀደመኝ። «የፍለጋ ጨዋታ እናድርግ» አልኩ። ልጆቹ በቡድን ሆነው ካርድ ያነባሉ፤ ካርዱ ወደሚቀጥለው ቦታ ይመራቸዋል፤ መጨረሻ ላይ የተደበቀ ሣጥን ያገኛሉ። ታሪኩን ከክፍላችን መጽሐፍ እወስደዋለሁ። ቤቷን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ «ቤቴ ጠፋብኝ» እያለች አገር ምድሩን የምትዞረው ኤሊ። ልጆቹ ይወዷታል።

ዳይሬክተሯ አጨበጨበች። እኔም ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ይመስለኛል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከትምህርት በኋላ መምህራን ክፍል ቀርቼ ካርዶቹን ስጽፍ አመሸሁ። አምስት ቦታ መረጥኩ፦ ቧንቧው፣ ደወሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የጓሮው አትክልት፣ የዘበኛው ቤት።

ለቧንቧው፦ «አፍ አለኝ፣ አልናገርም፤ አለቅሳለሁ፣ አላዝንም።»

ለደወሉ፦ «ሲመቱኝ እጮሃለሁ፤ ስጮህ ትሮጣላችሁ።»

ይህን የመሰለ ነገር ስጽፍ የልጅነት ልቤ ይመለሳል። የሁለተኛ «ለ» መምህር በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አነበበ። ፌዘኛው ነው የምንለው፤ ቁም ነገር ሲያወራም ሰው ይስቅበታል። «ለዘበኛው ቤት እንዲህ በይ» አለኝ፤ «ቀን እተኛለሁ፣ ማታም እተኛለሁ።» ሳቅን።

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ግን ያንቺዎቹ እውነት ሁሉም ያነባሉ?» አለ። «እኔ ጋ አሥራ ሁለቱ ገና ከፊደል ጋር እየታገሉ ነው።»

«ሁሉም» አልኩ።

«ታድለሻል» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

በችኮላ። አርባ አንድ ልጅ ለአምስት ቡድን፣ ስምንት ስምንት፣ አንድ ይተርፋል። ድምቢጥ ኤሊዋን ትሁን። ትንሽ ናት፣ ታምራለች፣ ሰው አትፈራም። የካርቶን ድንጋይ ልብስ እናለብሳታለን። የመጨረሻው ቦታ ላይ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ኤሊ ካርድ አያስፈልጋትም። ጥሩ ሐሳብ ነው።

(ድምቢጥ ስሟ አይደለም። ሰውነቷ ስለሚያንስ ልጆቹ ያወጡላት ነው፤ አሁን አባቷም በዚሁ ነው የሚጠራት።)

የካቲት 10፣ ሰኞ

ለድምቢጥ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ቲቸር፣ ኤሊዋ አትፈልግም እንዴ?» አለችኝ። «በመጽሐፉ'ኮ የምትፈልገው እሷ ናት።»

«በኛ ጨዋታ ሌሎቹ ይፈልጉላታል።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ጫማዋን ነበር የምታየው።

በመውጫ ሰዓት አባቷ ሊወስዳት መጣ። አናጢ ነው፤ ፀጉሩ ውስጥ ሁልጊዜ ፍቅፋቂ አይጠፋም። የጨዋታውን ወሬ ሰምቶ ሣጥኑን እኔ እሠራለሁ አለ። ወጪ ይኖረዋል ብለው እንቢ አለኝ። «ማታ ማታ እኔ መላጊያዬን ስገፋ እሷ ታነብልኛለች» አለኝ። «ሳትደናቀፍ፣ እንደ ውሃ። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት መምህርት። እግዜር ይስጥልኝ።» ሁለት እጄን ያዘ። እጄ የጠመኔ አቧራ ነበረበት፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ቶሎ ሳብኩት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የኤሊዋን ልብስ እማዬ ናት የምትሰፋው። ዛሬ ድምቢጥን አባቷ ለልኬት አመጣት። እማዬ ልጅቷን ወንበር ላይ አቁማ ትከሻዋን፣ ወገቧን ለካች፤ የለካችውንም በብጣሽ ወረቀት ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠቻትና «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን የት እንዳኖርኩት እንጃ» አለቻት።

መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ድምቢጥ ወረቀቱን አየችው። ዓይኗን አሸች። «ዓይኔን አሞኛል» አለች።

አባቷ ደጅ ሆኖ የበራችንን ማጠፊያ እያየ ስለነበር አልሰማም። እነሱ ሲሄዱ እማዬ ጨርቁን እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ይቺ ልጅ ማንበብ አትችልም» አለች።

«ትችላለች እማዬ። ዓይኗን አሟት'ኮ ነው።»

«እኔ አርባ ዓመት ሙሉ መነጽሬን ረሳሁ ስል ኖሬአለሁ። መነጽር እንኳ አልነበረኝም። ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»

እውነቷን ነው። እማዬን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ በተመረቅኩበት ዓመት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ። የመጀመሪያ ተማሪዬ እሷ ናት።

«አውቀሽ ነው ኤሊ ያደረግሻት?» አለችኝ።

ምድጃ ላይ ውሃ ጥጄ ነበር ብዬ ተነሣሁ። አልጣድኩም ነበር።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ኅዳር 12 ቀን ነው። ድምቢጥ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ የኤሊዋን መጽሐፍ ታነብልኛለች፤ ጣቷ በመስመሩ ሥር ይሄዳል፣ ድምፅዋ ያምራል። ገጽ ስትገልጥ ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠ። እሷ ግን ቀጠለች። የዘለለችውን ገጽ፣ ዓይኗ ፊት የሌለውን ገጽ፣ ቃል ሳትገድፍ አነበበችው። ሥዕሉ ላይ ጃርት አለ፤ እሷ ስለ ጉጉቷ ታነባለች።

ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። በማግስቱ የወላጆች ቀን ነበር። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አርባ ኮከብ፣ አንድ ባዶ። ባዶዋ ጎልታ ትታያለች። «በሰው ፊት እንዳታፍር» ብዬ ኮከቡን ለጠፍኩላት። ለሷ ብዬ ነው ብዬ አምን ነበር። ማን ነበር የሚያፍረው?

በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻዋ አስተምራታለሁ አልኩ። ከዚያ ፈተና መጣ። ከዚያ እረፍት። ከዚያ ሲመለሱ አንባቢ ናት ተብሎ ተጽፏል፤ አንባቢን እንዴት ከሀ ሁ ያስጀምሯል? «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልኩ ልጆቹን የምመክረው እኔ ነኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

በእረፍት ሰዓት ድምቢጥን ክፍል ውስጥ አስቀረኋት። ሦስት ፊደል ብቻ፦ በ፣ ለ፣ ተ። አንዱን ካንዱ ትለያለች፣ ግን እግር ሲያወጡ፣ ቀለበት ሲያስሩ ይጠፉባታል። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሠራን ዳይሬክተሯ በሩን ከፈተች።

«ይቺ ምን ሆና ነው የቀረችው?»

«ልብሱን እየሞከርኩላት ነው» አልኩ።

ልብሱ እቤት፣ እማዬ ጋ ነው ያለው። ድምቢጥ ቀና ብላ አየችኝ። ከልጅ ዓይን የሚከብድ ነገር እንዳለ አላውቅም።

ከእንግዲህ በእረፍት አላስቀራትም። የጨዋታው ቀን ይለፍ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ካርዶቹ በፕላስቲክ ተለበጡ። ሣጥኑ መጣ፤ ክዳኑ ላይ ኤሊ ተቀርጾበታል፣ እግሯ ሳይቀር። ውስጡ የሚገቡት አዲስ መጻሕፍት ደረሱ። ወንበር ለወላጆች ስልሳ። ድምፅ ማጉያ፣ የፌዘኛው ኃላፊነት። እማዬ ልብሱን ጨርሳለች፤ አላናገረችኝም፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ልምምድ አደረግን። ልብሱ ልክክ ብሏል። ቡድኖቹን አልፌ ድምቢጥ ዛፉ አጠገብ፣ የመጨረሻው ቦታ ላይ ከተቀመጠችበት ደረስኩ።

«ቲቸር፣ ካርድ ቢሰጡኝስ?»

«አይሰጡሽም።»

«ቢሰጡኝስ ግን?»

«ዝም ብለሽ አጠገብሽ ላለው ልጅ አቀብዪ።»

ራሷን ነቀነቀች። እኔ እንደማውቅ አወቀች። እሷ እንዳወቀች እኔም አወቅኩ። ከስምንት ዓመት ልጅ ጋር ቃል ሳንለዋወጥ ተማማልን።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዛሬ አልችልም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

መጀመሪያው ያማረ ነበር። ልጆቹ ከቧንቧ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ጓሮ ይሮጣሉ፣ ካርዳቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ሱፐርቫይዘሩ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ከልጆቹ ጋር አብረው ይሮጡ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

አምስቱም ቡድኖች ዛፉ ጋ ሲደርሱ የመጨረሻው ካርድ ቀረ፤ ሣጥኑ የተደበቀው ደወሉ ሥር ነው። ካርዱን የሚያነበው የቡድን አንድ መሪ ነበር። እጁን ሲዘረጋ ሱፐርቫይዘሩ ካርዱን ቀድመው አነሡትና ጎንበስ ብለው «ይቺ ኤሊ ስትደክም ውላ አንድም አላነበበችም። የመጨረሻውንማ ራሷ ታንብብልን» አሉ።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ድምቢጥ ካርዱን ተቀበለች። አየችኝ። እኔ በእጄ የያዝኩትን የቡድኖች ዝርዝር አየሁ። ማየት ያለብኝ ነገር እዚያ ላይ አልነበረም። ግን አየሁት።

ለአጠገቧ ልጅ አላቀበለችም። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ በዚያች በምታምረው ድምፅዋ፣ «ኤሊዋ ደክሟታል። ሣጥኑ ከትልቁ በር አጠገብ ነው። እሷ ግን እዚሁ ትረፍ» ብላ አነበበች።

አርባ ልጅ ወደ በሩ ነጎደ። በሩ ጋ ምንም የለም። ዘበኛው ብቻ ደንግጦ ተነሣ። ልጆቹ ተመልሰው መጡ፤ የቡድን አንድ መሪ ካርዱን ከእጇ ወስዶ አነበበና «እንዲህ አይልም! ሲመቱኝ እጮሃለሁ ነው የሚለው! ደወሉ ነው! ከራሷ ፈጥራ ነው!» አለ። ልጆች ናቸው፤ ሳቁ። ወላጆችም ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ድምቢጥ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ አንገቷን ቀበረች።

ሱፐርቫይዘሩ አልሳቁም። ወደኔ መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ «የእርስዎ ተማሪ ናት?» አሉኝ።

ያልኩትን እንዳለ ልጻፈው። «አዲስ ገቢ ናት። በቅርቡ ነው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው።»

«እንደዚያ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

ከኋላዬ አባቷ ቆሟል። ሰምቷል። ልጁን ከነልብሷ አንሥቶ አቀፋት፤ ካርቶኑ በደረቱ ላይ ሲታጠፍ ድምፁ ተሰማኝ። ትከሻው ላይ ሆና «አባዬ፣ እኔ አዲስ ነኝ እንዴ?» ስትለው ሰማሁ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል። አትከፈትም። ቆሜ ሣጥኑ ሲከፈት አጨበጨብኩ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ድምቢጥ አልመጣችም።

ዳይሬክተሯ ሻይ አዘዘችልኝ። ሱፐርቫይዘሩ «አርአያ የሚሆን ክፍል» ብለው ጽፈዋል። «አዲስ ገቢ ያልሽው ነገር ግን» ብላ ሳቀች፤ «አፈ ጮሌ ነሽ። አዳንሽን።» ድምቢጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ እንደተማረች ከኔ እኩል ታውቃለች። አዳንሽን አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኩ።

ፌዘኛው በኮሪደሩ ሲያልፍ «አዲሷ ተማሪሽ ቀረችሳ» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ቀልዱን ተወው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አልመጣችም። እማዬ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «እኔን ስታስተምሪኝ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈርሽኝም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ስድብ ይሻል ነበር።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከትምህርት በኋላ አናጢው ሥራ ቤት ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። የበር መቃን እየላገ ነበር። አየኝና መላጊያውን አቆመ፤ ወንበር ላይ ያለውን ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገልኝ። ያን ሁሉ ካደረግሁም በኋላ ወንበር ጠረገልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ስለ አዲስ ገቢው ነው?»

«ስለሱም። ከዚያ በፊት ስላለውም። ልጅዎ ማንበብ አትችልም። እኔ አውቅ ነበር።»

መላጊያውን መቃኑ አጠገብ አስቀመጠ። «እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት» አለ ቀጥሎ። «ማታ ስታነብልኝ መጽሐፉን አይቼ አላውቅም። እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮዬን ነው የምሰጣት። ደግሞ ማን ይጠረጥራል፤ መምህርቷ ኮከብ ሰጥታታለች።» መቃኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ኅዳር ላይ።»

«አሁን መጋቢት ነው» አለ።

አልጮኸም። እኔ ግን ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ አንድ በአንድ ሲቆጥራቸው የሰማሁ መሰለኝ።

«ትመለስልኝ» አልኩት። «ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በፊት ለብቻዋ አስተምራታለሁ።»

«በድብቅ ነው?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። «አይደለም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የወሰንኩት።

«እንግዲያ እሷን ይጠይቋት። የተዋሸው በሷ ነው።»

ድምቢጥ ከጓዳው በር ወጥታ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ» አልኳት። «አዲስ አይደለሽም። ፈርቼ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» እሷ ግን አላለቀሰችም። «ልጆቹ ይስቁብኛል» አለች። አይስቁብሽም ብዬ ልዋሽላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ይስቁ ይሆናል። የሚስቅ ካለ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ» አልኳት።

«ዓርብ'ለት አልቆሙም» አለች።

«አልቆምኩም» አልኩ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ዛሬ ኮከቦቹን አነሣሁ። አርባ አንዱንም። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ጠርቼ አይተውት የማያውቁትን ገጽ አስነበብኳቸው። ሰባት። የማያነቡት ሰባት ናቸው፣ ድምቢጥን ጨምሮ። ስድስቱን አላውቅም ነበር። አንዷን ለመደበቅ ስጨነቅ ስድስቱን ሳላይ ቀረሁ።

ዝርዝሩን ይዤ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«ሪፖርቱ ሄዷል'ኮ!» አለች። «አብደሻል? ራስሽን ብቻ ነው የምትቀብሪው ወይስ እኔንም?»

«የእርስዎን ስም አላነሣም። ለሱፐርቫይዘሩ ስለራሴ ጽፌአለሁ።»

«ላክሽው?»

«ጠዋት።»

ውጪ አለችኝ። ከምሳ በኋላ ጸሐፊዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስፈረመችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍል አይሰጠኝም ይባላል። ፌዘኛው ሰምቶ መጣ። ቀልድ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ «የኔንም አሥራ ሁለት ከሰባቱ ጋር እንቀላቅላቸው? ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔም እመጣለሁ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አንድ ሰዓት ተኩል። አሥራ አራት ልጆች መጡ። ድምቢጥ የለችም። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አባቷ ከበሩ አደረሳትና ከኔ ጋር ሳይነጋገር ተመለሰ። ሰላምታ በራስ ብቻ። ይገባኛል። ገብታ ከኋላ ተቀመጠች።

የቡድን አንድ መሪ ቀድሞ መጥቶ ኖሮ በመስኮት አይቷት «ኤሊዋ መጣች!» ብሎ ሳቀ። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። አልተቆጣሁትም። «እኔ ነኝ ያላስተማርኳት። ልትስቅ ከፈለግህ በኔ ሳቅ» አልኩት። መሳቁን ተወ። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ ነበር፤ ግን ይህኛው እፍረት ሌላ ዓይነት ነው፣ ቀጥ ብሎ ያስኬዳል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ከሱፐርቫይዘሩ መልስ የለም። ዳይሬክተሯ ሰላም አትለኝም።

ዛሬ ጠዋት ድምቢጥ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ሥዕል የሌለበት ወረቀት ላይ፣ ማንም አንብቦላት የማያውቀውን ሦስት ቃል ጻፍኩላት። ጣቷን ሥሩ አደረገች። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ እየተመለሰች፣ እየሳተች፣ «ላሟ… በሩን… ገፋች» አለች። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። ላም ስትገፋ ታይቷታል መሰለኝ፤ ሳቋ አመለጣት።

«ሌሎቹም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ።

«አዎ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያነቡት።»

ወረቀቱን ደግማ አየችው።

«እኔኮ ቲቸር፣ እርስዎ አስቀድመው በጆሯቸው የሚነግሯቸው ነበር የሚመስለኝ» አለች። «ለኔ ብቻ የማይነግሩኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን እል ነበር።»

እንዲሁ ነው የተናገረችው፣ ሳትቆጣ፣ ሳታዝን። ከዚያ «ሌላ ይጻፉልኝ» አለች።

ሌላ ጻፍኩላት።